በቧሂት መንገድ ላይ የደበቅሁት ራስ ምታት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር ነው። ለኅትመት እንዲመች በጥቂቱ ታርሟል።)



ሊቀመንበራችን «ስለ ተራራው ጉዞ ንገሪን» ስትለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ወደ ስሜን ተራሮች የሄድነው ስምንት ሴቶች ነን። ስድስቱ የቧሂትን ጫፍ ረግጠው ተመልሰዋል። ሁለታችን ከመንገድ ተመልሰናል። ከሁለታችን አንዷ የተመለሰችው ታማ ነው፤ ሌላዋ የተመለሱት በታመመችው ምክንያት ነው። የታመመችው እኔ ነኝ። «ጫፍ የደረሱት ስድስቱ እያሉ ለምን እኔ ልናገር?» ብላት፣ «ለዚሁ ነው» አለችኝ። እንግዲህ እንደ ሆነው አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ተራራ ለእኛ ምናችን ነው?

አስቀድሜ ብዙ ሰው የጠየቀንን ልመልስ። «ለተቸገሩ ሴቶች የቆመ ማኅበር ተራራ ላይ ምን ይሠራል?» ተብለናል። ደጋፊዎቻችንም ይህን የመጠየቅ መብት አላችሁ። ለጉዞው ከብድር ሣጥናችንም ሆነ ከእርዳታ ከተገኘው ገንዘብ አንድ ብር አልወጣም። ስምንታችን ለብቻችን ዕቁብ ጀምረን፣ በየሳምንቱ እየጣልን፣ ዓመት ከምናምን አጠራቅመን ነው የሄድነው።

ሐሳቡን ያመጣችው በአንድ አስጎብኚ ድርጅት ቢሮ ውስጥ በጽዳት የምትሠራ ወጣት አባላችን ናት። ቢሮውን ስትጠርግ ጠጉራቸው የሸበተ የውጭ አገር ሴቶች ለስሜን ተራሮች ጉዞ ሲመዘገቡ ታያለች። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ «የእኛን ተራራ የእኛ እናቶች ለምን አያዩትም?» አለች። ሳቅን። እሷ ግን አልተወችንም። ስለ ጁንኮ ታቤይ አንብባ መጥታ ነገረችን። ጁንኮ ታቤይ በ1975 እ.ኤ.አ. ከሴቶች ሁሉ ቀድማ የኤቨረስትን ጫፍ የረገጠች ጃፓናዊት ናት። ያኔ የትንሽ ልጅ እናት ነበረች። የሴቶች ቡድኗ ገንዘብ ሲያሰባስብ «ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ልጅ አሳድጉ» ተብለዋል። ገንዘብ ስላጠራቸው ከመኪና ወንበር ልብስ ጓንት እስከ መስፋት ደርሰዋል። ይህን ስንሰማ የስፌት ሥራ የሚሠሩት አባሎቻችን «ይኼማ የእኛ ቢጤ ነው» አሉ። ዕቁቡ የተጀመረው በዚያው ሳምንት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጉዞውን የጓጉለት ገንዘብ ያዣችን ነበሩ። እትዬ ያኔ 58 ዓመታቸው ነው። ያደጉት ዳባት ነው። ልጅ ሆነው ከእናታቸው ጋር ደባርቅ ገበያ ሲሄዱ ተራሮቹን ከሩቅ ያዩ ነበር። «ሁልጊዜ ጀርባዬ ላይ ሸክም ነበረ፤ ቀና ብዬ በደንብ እንኳ አላየሁትም። አንድ ቀን ባዶ እጄን ልውጣው» ይሉን ነበር። ይህን ቃላቸውን እባካችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለጀማሪ የሚሆን ተራራ ማለት

አብዛኞቻችን የምናውቀው ራስ ዳሸንን ነበር። በአገራችን ከሁሉ የሚበልጠው፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ እሱ ነው። የደባርቁ አስጎብኚያችን ግን በስልክ ሲያነጋግረን «ለመጀመሪያ ጊዜ ቧሂትን ሞክሩ» አለን። ወደ ራስ ዳሸን ለመሄድ ከጨነቅ ካምፕ በኋላ ወደ መሸሃ ወንዝ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ መውጣት አለ፤ ቀኑም ድካሙም ይጨምራል። ቧሂት 4,430 ሜትር ገደማ ነው። ከጨነቅ ካምፕ ማልዶ የተነሣ ሰው ጫፉን ረግጦ በዚያው ቀን ይመለሳል። ገመድ አያስፈልገውም፤ በእጅ መቧጠጥም የለበትም፤ በእግር መሄድ የቻለ ሰው የሚወጣው ነው።

እኔ «ለጀማሪ የሚሆን» የሚለውን ስሰማ ቀላል ማለት መሰለኝ። ስሕተቴ እዚያ ጀመረ። መንገዱ ለጀማሪ ይሆናል፤ አየሩ ግን ጀማሪና ነባር አይለይም። አስጎብኚያችን በቀላል ቋንቋ አስረድቶናል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ባሕር ዳርም ሆነ ተራራ ላይ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን መጠን የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲቀንስ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም ያንሳል። በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው፣ አዲስ አበባ ላይ የምናገኘው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ቧሂት ጫፍ ላይ ግን 60 በመቶ አይሞላም። እኛ ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች ከቆላ ከሚመጣ ሰው ትንሽ እንሻላለን፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ግን ማናችንም ዋስትና የለንም። ወጣትነትም ጉልበትም አያድንም። ለሰውነት ጊዜ መስጠት ነው ዋናው መድኃኒት። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን ለተራራ የተነገረ ይመስላል።

ጉዞው

የሄድነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ በታኅሣሥ ወር ነው። በአውቶቡስ ጎንደር ገባን፤ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ደረስን። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዘገብን፣ የመግቢያ ከፈልን፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ተመደበልን። አስጎብኚው፣ ረዳቱ፣ ምግብ አብሳዩና የበቅሎዎቹ ባለቤቶች ሲጨመሩ እንደ ሠርገኛ በዛን።

እዚያው ደባርቅ ላይ አስጎብኚያችን ሁለት ደንብ አወጣ። አንደኛው፣ ሁላችንም ጥንድ ጥንድ እንድንሆን ነው። ጥንዶች በአንድ ድንኳን ያድራሉ፤ አንዷ ከታመመች ሌላዋ ከአንድ አስጎብኚ ጋር ሆና ይዛት ትወርዳለች። የእኔ ጥንድ እትዬ ሆኑ። ሁለተኛው፣ ጠዋትና ማታ ሁላችንም እሳቱ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ ይጠይቀናል፦ ራስ ምታት አለ? ማቅለሽለሽ አለ? ማዞር አለ? እንቅልፍ ወስዶሻል? መልሳችንን በደብተሩ ይጽፋል። በጉዞው መርሐ ግብርም አንድ የመጠባበቂያ ቀን አስገብቶ ነበር። «ይህ ቀን ለታመመ ሰው ነው፤ ማንም ሳትታመም ከቀረች ለሽርሽር ይሆናል» አለን።

ሳንቃ በር ካምፕ ሁለት ሌሊት አደርን። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ገደማ ነው። በማግስቱ ከገደሉ አፋፍ ጭላዳዎቹን አየን። በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ሰው አይፈሩም። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በዱር አይገኙም። አስጎብኚው «የቤተሰቡ ምሰሶ ሴቶቹ ናቸው፤ ወንዱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ዘመዳሞቹ ሴቶች ግን አብረው ይኖራሉ» ሲለን፣ አንዷ አባላችን «ማኅበርተኞች ናቸዋ!» አለች። የዚያን ቀን እንደ ሳቅነው ከሳቅን ቆይተናል።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጨነቅ ሄድን። ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አካባቢው ዋልያ የሚታይበት ነው። ዋልያ ከስሜን ተራሮች በቀር የትም የለም፤ ያን ቀን ከገደሉ ጥግ ሦስት አይተናል። ጅብራው ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። ይህ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር፤ በ2017 ወጥቷል። ይህን ሁሉ አስጎብኚው ሲነግረን ሌሎቹ ይጠይቁታል። እኔ ግን ከምሳ በኋላ ጀምሮ ግንባሬን በመዶሻ የሚመታኝ ነገር ስለነበር ግማሹን አልሰማሁትም።

«ምንም የለኝም»

ማታ እሳቱ ዙሪያ ጥያቄው ተጀመረ። አንዷ «ትንሽ ያቅለሸልሸኛል» አለች፤ ጻፈላት፤ ዝንጅብል ሻይ ተሰጣት፤ ጠዋት ተሻላት። የእኔ ተራ ደረሰ። «ምንም የለኝም» አልኩ። ከቦርሳዬ የራስ ምታት ክኒን አውጥቼ በጨለማ ዋጥኩ። ሌሊት ከድንኳን ወጥቼ አስመለሰኝ፤ በድንጋይ ሸፍኜው ተመለስኩ። እትዬ ነቅተው «ምነው?» ሲሉኝ «ሽንቴን ነው» አልኳቸው።

ለምን ዋሸሁ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ዓመት ሙሉ የጣልኩት ዕቁብ ነበር። ለልጆቼ ፎቶ ይዤ እመጣለሁ ብያለሁ። ሰው በእኔ ምክንያት እንዳይቆም ፈራሁ። ከሁሉም በላይ ግን ልማዴ ነው። እናቴ ስትመሰገን የምሰማው «ቻይ ናት» ተብላ ነው። እኔም ስመሰገን ያደግሁት በዚያው ነው። ሲያመኝ ዝም ማለትን እንደ ሙያ ነው የያዝኩት። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁም ሙያው አላችሁ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። ብርዱ በጠርሙስ ያለውን ውኃ አጋግሮታል። በባትሪ ብርሃን ቀስ ብለን መውጣት ጀመርን። አስጎብኚው ከፊት ሆኖ እጅግ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው፤ እያወራን መሄድ ካልቻልን ፈጥነናል ማለት ነው ብሎናል። ጎሕ ሲቀድ ጅብራዎቹ አመዳይ ለብሰው አየናቸው። እትዬ ከኋላዬ ሆነው የልጅነት ነገር ያወራሉ፤ ድምፃቸው የሃያ ዓመት ልጅ ይመስላል። እኔ መልስ አልሰጥም። እግሬ የእኔ አልሆን አለኝ። ጠፍጣፋ መሬት ላይ ሁለት ጊዜ ተደናቀፍኩ።

ወደ 4,200 ሜትር ገደማ ስንደርስ ለእረፍት ተቀመጥን። አስጎብኚው መጥቶ ከፊቴ ቆመ። «እትዬ፣ እስቲ ይነሡና በዚህች መስመር ላይ ተረከዝዎን ከጣትዎ እያገጣጠሙ ይራመዱልኝ» አለኝ። ሦስት እርምጃ ሄጄ ወደ ጎን ወደቅሁ፤ ደግፎ ያዘኝ። «ደክሞኝ ነው» አልኩት። «ድካም ቢሆን ስናርፍ ይሻልዎት ነበር። ይህ ድካም አይደለም። አሁኑኑ እንወርዳለን» አለ። ራስ ምታቴ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሲጠይቀኝ መዋሸት አልቻልኩም። «ከትናንት ምሳ ጀምሮ» አልኩ። ደብተሩን ከፍቶ አየው። አልተቆጣኝም። «ማታ ቢነግሩኝ እኮ የመጠባበቂያው ቀን ነበረልን፤ አንድ ቀን እናሳርፍዎት ነበር» ብቻ አለኝ።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ በከፍታ ቦታ ያመመው ሰው አረማመዱ ከተበላሸ ወይም አነጋገሩ ከተምታታ ነገሩ ወደ አንጎል ደርሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሳይወርድ ከቆየ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። እኔ አፋፉ ላይ ነበርኩ።

ጥንድ የሚለው ደንብ አለ ብያችኋለሁ። እትዬ ቀድመው ተነሥተው ነጠላቸውን ከጃኬታቸው በላይ አጣፍተዋል። ጫፉ ከእኛ ይታያል። ከዚያ በላይ የቀረው ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። «እባክሽ አንቺ ውረጅላቸው» ብዬ ወጣቷን ለመንኳት። እትዬ ግን፣ «ጥንዷ እኔ ነኝ» ብለው በብብቴ ገብተው ደገፉኝ። ረዳት አስጎብኚው ከፊት፣ እሳቸው ከጎኔ ሆነው ወረድን። አንድ ጊዜ ዞር ብለው ወደ ላይ ሲያዩ አየኋቸው። ከዚያ በኋላ አልዞሩም።

ደባርቅ ያደርንባት ሌሊት

እስከ ጨነቅ መኪና የሚገባበት መንገድ ስላለ በመኪና ደባርቅ ወረድን። በወረድን ቁጥር ጭንቅላቴ እየቀለለኝ መጣ። የጤና ባለሙያ አየኝ፤ ሌሊቱን ሰው ከአጠገቤ እንዳይለይ አዘዘ። ማታ ስድስቱ ጫፍ መድረሳቸውን በስልክ ነገሩን። እትዬ በመጠባበቂያው ቀን ተመልሰው እንዲወጡ ለመንናቸው። «አንቺ ቀጥ ብለሽ ሳትሄጂ ከዚህ አልነቃነቅም» አሉ። እኔም ቀጥ ብዬ የሄድኩት በማግስቱ ረፋድ ነው፤ ያኔ ጊዜው አልፏል።

በዚያች ሌሊት ነው ለማንም ያልነገርኩትን የነገርኳቸው። ከጉዞው ሁለት ዓመት በፊት የጤፍ ዋጋ ሲንር እንጀራ የማቀርብላቸው ምግብ ቤቶች ሒሳቤን አዘገዩብኝ። ከአራጣ አበዳሪ ተበደርኩ። ስምንት ወር ሙሉ ወለድ ከወለድ ላይ ሲከመርብኝ በየወሩ እዚህ ስብሰባ እመጣለሁ፤ ቡና እጠጣለሁ፤ «ሥራ እንዴት ነው?» ስትሉኝ «ተመስገን ነው» እላለሁ። በመጨረሻ ሁለቱን የኤሌክትሪክ ምጣዶቼን ወሰደብኝ። እናንተ ምጣዶቼ ተበላሽተው የሸጥኳቸው ነው የሚመስላችሁ። እንደዚያ ብያችሁ ነበርና።

እትዬ ሰምተውኝ ሲያበቁ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ያኔም ገንዘብ ያዣችን እሳቸው ነበሩ። «በዚያ ወቅት ሣጥናችን ውስጥ ገንዘብ ነበረ» አሉኝ። «ለአንቺ የሚበቃ። በተራራው ላይም የመጠባበቂያ ቀን ነበረ። ሁለቱም ያመለጡሽ ስላልተናገርሽ ነው። ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም› ሲባል አልሰማሽም?» ስለ ራሳቸው ተራራ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቢናገሩ ይቀለኝ ነበር።

እህቶቼ፣ እኔ ዝም ስል ሌላውን ላለማስቸገር ነው ብዬ አምን ነበር። ሸክሙ የእኔ ብቻ ነው ብዬ። እትዬ ግን እኔ ያላወጣሁትን ቃል ተሸክመው ከተራራው ወርደዋል። አበዳሪው ምጣዶቼን ሲወስድም ከእኔ ጋር ይጋግሩ የነበሩ ሁለት ልጆች ሥራ አጥተዋል። የደበቅሁት ችግር ከእኔ አልፎ ሌላ ሰው ላይ ያልወደቀበት ጊዜ የለም።

ከዚያ ወዲህ

ስንመለስ አስጎብኚው የነገረንን ነገር ለሥራ አመራር ኮሚቴው አቀረብን። እሱም ከእኛ ጉዞ ተምሮ ነበር። «እሳት ዙሪያ ሁሉንም በአንድ ላይ ስጠይቅ አንዷ ‹ምንም የለኝም› ካለች ተከታዮቿም እንደዚያው ይላሉ። ከእንግዲህ አንድ በአንድ፣ ለብቻ ነው የምጠይቀው» አለን። እኛም የወሰድነው ይህንኑ ነው። ዛሬ ሁላችሁም እንደምታውቁት ወርኃዊ ስብሰባችን ከመጀመሩ በፊት ጥንድ ጥንድ ሆነን ሩብ ሰዓት እንቀመጣለን። «ክፍያሽ እንዴት ነው? ጤናሽስ? ቤት ውስጥ ምን አለ?» እንባባላለን። ችግር ያለባት አባል ከፈቀደች ጥንዷ ወደ ኮሚቴው ታቀርብላታለች። ጥንዶች በየዓመቱ ይቀያየራሉ። በዚህ መንገድ የብድር ክፍያቸው ሳይበላሽ ጊዜው የተራዘመላቸው አባላት በመካከላችን አሉ። አሁንም የምትደብቅ የለችም አልልም። እኔ ራሴ አንዳንድ ጊዜ «ደህና ነኝ» ማለት ያምረኛል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር ልበል። ሪፖርት ስንጽፍላችሁ እኛም እንደዚያ ማታ ነን። «ምንም ችግር የለም» ብንል እርዳታው ይቀጥላል ብለን እናስባለን፤ እናንተም ጥሩ ዜና ስትሰሙ ደስ ይላችኋል። እባካችሁ ሁለተኛ ጊዜ ጠይቁን፤ ለብቻም ጠይቁን። «ይህ አልተሳካም» ስንላችሁ እጃችሁን የማትሰበስቡ ከሆነ በጊዜው እንነግራችኋለን። በጊዜው የተነገረ ችግር ብዙ ገንዘብ አይፈጅም።

መሄድ ለምትፈልጉ

ሁለተኛ ጉዞ እንዲደረግ የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ። ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱና የአካባቢው ሰላም ይጣራ፤ አስተማማኝ ካልሆነ ይቆይ፤ ተራራው የትም አይሄድም። የሚመቸው በጋው ነው፤ በክረምት ጭቃና ጭጋግ ነው። ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ በየሳምንቱ እንጦጦን ውጡ፤ ጫማችሁን እዚያ አለማምዱት፤ አዲስ ጫማ ለተራራ አይገዛም።

የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ አስም ወይም እርግዝና ያላችሁ ከሐኪም ሳትማከሩ ዕቁቡን እንኳ አትጀምሩ። ከፍታን ለመልመድ የሚረዳ ዳያሞክስ የሚባል ክኒን አለ፤ ለሁሉም ስለማይስማማ የሚወሰደው ሐኪም ሲያዝ ብቻ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ባይል ይመረጣል። ራስ ምታት ካለ ወደ ላይ መቀጠል የለም፤ ከባሰ መውረድ ነው። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ ሳል፣ መንገዳገድ ወይም መቃዠት ከታየ ሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው።

ወፍራም ጋቢ ለካምፕ ጥሩ ነው፤ ለመንገድ ግን ደራርቦ መልበስ ይሻላል። ጓንት፣ የጆሮ መሸፈኛ፣ የባትሪ መብራት፣ የፀሐይ መነጽርና ቅባት ያዙ። በከፍታ ላይ ምግብ ያስጠላል፤ በሶ፣ ጭኮና ቆሎ ግን አሳልፈውናል። ውኃ ደጋግማችሁ ጠጡ። ሌሊት ሽንት ቤት ላለመውጣት ብላችሁ ውኃ እንዳትቀንሱ፤ ሁላችንም አድርገነዋል፤ ስሕተት ነው። የወር አበባ ያለ ቀጠሮውም ሊመጣ ስለሚችል መጠቀሚያውንና ቆሻሻውን ይዛችሁ የምትመለሱበትን ከረጢት አትርሱ። ለአስጎብኚው፣ ለስካውቱ፣ ለአብሳዩና ለበቅሎዎቹ ባለቤቶች ጉርሻ ከመጀመሪያው በሒሳባችሁ ውስጥ ይግባ። እነሱም እንደ እኛ በዚያ ሥራ ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው።

ከአስጎብኚያችሁ ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ ደግሞ «የመጠባበቂያ ቀን አለን ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ ከፍላችሁም ቢሆን አስገቡ።

በመጨረሻ፣ እትዬ እዚያ ጥግ ላይ እንደተቀመጡ አያቸዋለሁ፤ ይህን እንደምናገር አላማከርኳቸውምና ይቆጡኝ ይሆናል። እስከ ዛሬ ቧሂትን አልወጡም። ካለፈው መስከረም ጀምሮ በሁለት ስም ዕቁብ እየጣልኩ ነው፤ አንዱ በእኔ፣ አንዱ በእሳቸው። መንገዱ ሰላም ሲሆንና ሐኪማቸው ሲፈቅድ አብረን እንሄዳለን። የእኔ ጥንድነት እንዳለ ነው። በዚህ ጊዜ ራሴን ካመመኝ ጨነቅ ላይ አልደብቅም፤ ሳንቃ በር ላይ እናገራለሁ። እሳቸው ግን ይወጣሉ፤ ባዶ እጃቸውን።